የገልባጩ ሁለት ነጥብ

ሰዓት ሠሪ ነኝ። የምሠራው ከማኅተም ቤቱ በር አጠገብ፣ ቁጭ ስል ጉልበቴ ግድግዳ በሚነካባት ጥግ ላይ ነው። ከኋላዬ ያለው መስታወት የማኅተም ቤቱ መስታወት ስለሆነ ውስጥ የሚባለው ሁሉ በማጅራቴ በኩል ይደርሰኛል። አልሰማም ብል ማን ያምነኛል? ሰምቼ ግን «እኔ ምን አገባኝ» እላለሁ። እሱንም የሚያምነኝ የለም።

የማኅተም ቤቱን ሰውዬ ገልባጩ ነው የምንለው። ስሙን ያወጣንለት እኛው የሕንጻው ሰዎች ነን። የማያውቀው ሰው ሲሰማ አሸዋ የሚያመላልስ መኪና ይመስለዋል፤ አንድ ቀን አንድ ኮንትራክተር ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ «ገልባጭ አለ ተባልኩ፣ የት ነው የቆመው?» ብሎ ሲጠይቅ በሳቅ ፈርሰናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅተም ላይ ፊደል የሚቀረጸው ተገልብጦ ነው፤ የሚቃናው ወረቀት ላይ ሲመታ ነው። ሌላው ቀራጭ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ወረቀቱን አዙሮ ጎማው ላይ ይለጥፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ምላጭ የሚያነሳው። ይሄኛው ግን ከጭንቅላቱ አውጥቶ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ የያዘውን ወሬ እንኳን ሳያቋርጥ ይቀርጽ ነበር። ይቀርጽ ነበር ማለቴ ልብ ይባል።

አንድ አመል አለው። ሁለት ነጥብ አይለቅም። ዛሬ ሰው በቃልና በቃል መሃል ክፍት ቦታ ትቶ ያልፋል፤ እሱ ግን በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ ካላስቀመጠ እንቅልፍ አይወስደውም። ደንበኛ «ይቺ ነገር ትቅርብን፣ ቦታ ትይዛለች» ካለው ፊቱ ቅጭም ይላል። «ቃላቱ ይጋጩ ነው የምትለኝ?» ይለዋል። እኔም አንድ ጊዜ ለምን እንደዚህ ሙጭጭ እንደሚል ጠይቄው ነበር። «ከፊደሉ ሁሉ ብትገለብጣትም ባትገለብጣትም ያው የሆነች እሷ ብቻ ናት። አታስቸግረኝም፣ አላስቸግራትም» አለኝ። ተውኩት።

ሚስት አላገባም። ልጅ ግን አሳድጓል። ወንድሙ ሲሞት የወንድሙ ሚስት ሌላ ትዳር ይዛ ራቅ ብላ ሄደች፣ ልጅቷ ገና ጥርሷን ሳትነቅል እሱ ጋ ቀረች። ለብቻው የሚኖር ወንድ፣ ልጅ የት ያስቀምጣል? ሱቅ ይዟት መጣ። ከባንኮኒው ሥር ካርቶን አነጠፈላት፤ እዚያው ትበላለች፣ እዚያው ትተኛለች፣ ከእንቅልፏ ስትነሳ የተጣለ ጎማ እየሰበሰበች ትጫወታለች። ፊደልም የለየችው ከዚያው ጎማ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ ታዲያ ፊደሎቹን ሁሉ ጀርባቸውን አዙራ መጻፍ ጀመረች። አስተማሪዋ ገልባጩን አስጠርታ «ልጅዎን ሐኪም ያሳዩልኝ፣ ዓይኗ ነው መሰለኝ» አለችው። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሆድ ባሰው። በዚያው ቀን ትንሽ መስታወት ገዝቶ ከመቅረጫ ጠረጴዛው በላይ ሰቀለ። «ይኸውልሽ እናቴ፣ የኔን ጽሑፍ ከእንግዲህ በዚህ ውስጥ ነው የምታነቢው» አላት። ልጅቷ በተቀረጸው ማኅተም ሁሉ ፊት አገጯን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ በመስታወት ስታነብ አይቻለሁ። መስታወቱ አሁንም እዚያው ተሰቅሏል፤ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል።

ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፣ እኛ ግን ያው ልጅቷ ነው የምንላት። ትምህርቷን ስትጨርስ ቢሮ ሥራ አጥታ አይደለም፣ ጠልታ ነው የተመለሰችው። እንደመጣች «ጋሼ፣ ጊዜው የእጅ አይደለም» አለችና በብርሃን እየተኮሰ ጎማውን የሚቀርጽ ማሽን አስገባች። አብሮት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር መጣ። እሱ ይኮርፋል ብዬ ስጠብቅ «ማሽኑ ይገልብጥ፣ እኔ ላቃና» ብሎ ከጎኗ ተቀመጠ። የማኅተሙን ክብ፣ በመሃል ያለውን ምልክት፣ ዙሪያውን የሚሄደውን ጽሑፍ በኮምፒውተሩ ላይ መንደፍ ቶሎ ገባው። እጅ ሲያምርለት የኖረ ሰው መሣሪያው ቢቀየርም ያምርለታል መሰለኝ።

ኮምፒውተሩን ያሰናዳው ዶክተር ነው። ሐኪም እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ቦርሳ ስለሚይዝና የተበላሸ ነገር ሁሉ ፈትቶ ካየ በኋላ አንገቱን እየነቀነቀ «ቆይታችሁ ነው ያመጣችሁት» ስለሚል ነው ዶክተር ያልነው። ለአሮጌ ማሽን ቀለል ይላል ብሎ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነበት፣ ቋንቋውንም አማርኛ አደረገላቸው። እዚያ ውስጥ ሥራ ሁሉ የሚከፈተው በመስኮት ነው። በየመስኮቱ ራስ ላይ፣ በቀኝ ጥግ፣ ሦስት ትንንሽ ቁልፎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። የማውዙን ቀስት ጠጋ ሲያደርጉባቸው ስማቸውን ይናገራሉ፦ አሳንስ፣ አሳድግ፣ ዝጋ። አሳንስ መስኮቱን ከታች ይሸጉጠዋል፣ ሥራው ግን አይጠፋም። አሳድግ መስኮቱን ስክሪኑን እስኪሞላ ያሰፋዋል። ዝጋ ያው ዝጋ ነው።

ገልባጩ የመጀመሪያ ቀን ይህን ሲያይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«ይሄ ማነው አንተ የሚለኝ?»

«ማን ጋሼ?» አለች ልጅቷ።

«ይሄ ነዋ! ዝጋ ይላል እንዴ ትልቅ ሰውን? ይዝጉ አይልም?»

«ለሁሉም እንደዚያው ነው። እኔንም ዝጋ ነው የሚለኝ፣ ወንድ መስዬዋለሁ።»

«ዓይን የለውማ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ዝጋን በነካ ቁጥር «እሺ ጌታዬ» ማለት ጀመረ። አሳንስን ሲነካ ደግሞ «ደሞ ማንን ነው የማሳንሰው?» ይላል። ልጅቷ ትስቃለች። እኔም ከውጭ እስቃለሁ። ደህና ጊዜ ነበር።

ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው በየትኛው ወር እንደሆነ አላውቅም፤ ሲደብቀው ነው ያወቅሁት። ሰው ሲገባ እጁን ኪሱ ይከታል። ሻይ ስንጠጣ በግራው ያነሳል። ምላጩን ከጠረጴዛው አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ሲያስቀምጠው አየሁት። ቅርጹ እንደሆነ ማሽኑ ይቀርጻል። ማውዙ ላይ ግን መደበቂያ የለም። አሳንስን ልንካ ብሎ ሲጠጋ ቀስቷ ትርገፈገፍና ዝጋ ላይ ታርፋለች። ኮምፒውተሩ «ሳይቀመጥ ይዘጋ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሱም በድንጋጤ እንደገና ይጫናል። የግማሽ ቀን ሥራ ድራሹ ይጠፋል። ልጅቷ አንዴ አለፈችው፣ ሁለቴ አለፈችው፣ ከዚያ በኋላ ከንፈሯን መንከስ ጀመረች።

ነገሩ የፈነዳው በመኪና መንዳት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ጊዜ ነው። ሰውየው ማኅተሙን ሊወስድ መጥቶ ከልጅቷ ጋር ባንኮኒው ጋ ቆሟል። ዙሪያው ጽሑፍ፣ መሃሉ መሪ፣ በጣም ያማረ ንድፍ ነበር፤ ወደ መቅረጫው ማሽን መላክ ብቻ ነው የቀረው። ገልባጩ ሌላ ናሙና ላሳይዎት ብሎ መስኮቱን ከታች ሊሸጉጥ ፈለገ። እጁ ሄደ። ማሽኑ ጠየቀ። እሱ ተጫነ። ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

«ምን ሆነ?» አለ ኃላፊው።

«እ… አንድ ጊዜ…» አለ ገልባጩ።

ልጅቷ መጣች፣ አየች። ድምጿን እንኳን ከፍ አላደረገችም። «ጋሼ፣ ከአሁን ወዲያ ይቺን ማሽን አይንኩብኝ» አለች። ኃላፊው ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመረ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ለስለስ አድርጋ «ቤት አረፍ ቢሉ ምን አለበት?» አለችው።

«ቤት ማን አለ?» አላት።

ወደ ኃላፊው ዞራ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። እሱም ኩም ብሎ ወንበሩን ለቀቀና መቅረጫ ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ተቀመጠ። ምላጭ የለ፣ ጎማ የለ፣ ባዶ ጠረጴዛ ታቅፎ። ደሜ ፈላ። ገብቼ «አንቺ ልጅ፣ ካርቶን ላይ ማን እንዳስተኛሽ ረሳሽው?» ልላት ብድግ ብዬ ነበር። እኔ ምን አገባኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ደግሞ ፍርድ አላጓድልም፤ ልጅቷም ያንን ማኅተም እስከ ምሽት እንደ አዲስ ስትሠራ ምሳዋን ቆማ ነው የበላችው። ደንበኛ አንዴ ከሄደ ጋሼ ታመው ነው ብትለው አይመለስም። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

በማግሥቱ እኔ ጋ መጥታ «ጋሽ ሰዓት፣ ሙጫ አለዎት?» አለችኝ። ሰጠኋት። አንድ ወረቀት መስታወቱ ላይ ከውጭ ለጠፈች፣ ጽሑፉ ወደ መንገደኛው። እሱ ከውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ከውስጥ የሚታየው የወረቀቱ ጀርባ ነው። እንዳይከፋው አስባ መሆኑ ነው። ከዚያ ጎማ ልትገዛ ሄደች።

ፀሐይ ወጣች። ፀሐይ ስትወጣ ያ መስታወት ወለል ብሎ ይበራል፤ ቀጭን ወረቀት ከሆነ ጽሑፉ በጀርባው ሳይቀር ተገልብጦ ይታያል። ዘወር ስል ገልባጩ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው። ቀስ ብሎ ወጣና እኔ አጠገብ ቆመ።

«መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ።

«ማን?»

«ሠራተኛው። ኮምፒውተር የሚችል ሠራተኛ እንፈልጋለን ይላል።»

ክው አልኩ። ከሁላችንም የተገለበጠ ጽሑፍ እንደ ውኃ የሚጠጣ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ልጅቷ ከሁሉ ሰው መርጣ ከእሱ ልትደብቀው!

«ሁለት ነጥብ እንኳን አላደረገችበትም» አለና ተመልሶ ገባ።

ሲገባ ጀርባውን አየሁት፤ አንጀቴን በላው። ለዚህ ሰው ያ ወንበር ምን እንደሆነ የማውቅ እኔ ነኝ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋና ሬዲዮ አለው። ሬዲዮው የሚከፈተው በዕረፍት ቀን ነው። ሌላው ኑሮው እዚህ ነው። አዲስ ሠራተኛ ያ ወንበር ላይ ከተቀመጠ እሱ የሚቀመጥበት ቦታ የለም፣ አለቀ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዶክተር የመቅረጫውን ማሽን ማራገቢያ ሊያይ መጣ። ልጅቷ የተሠራ ማኅተም ልታደርስ ወጥታ ነበር። ገልባጩ ሲያንዣብብ ቆይቶ «አንተ ዶክተር፣ እነዚህ ሦስቱ ቁልፎች እንዲህ ካልተጣበቁ አይሆንላቸውም?» አለው።

«ማን አለ! ማዛወር ይቻላል እኮ። ወደፈለጉበት ጥግ።»

«ወደፈለግሁበት?»

«አዎ፣ በአንድ መስመር ትእዛዝ። የቁልፎቹን ስም በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ከሁለት ነጥቧ በፊት የጻፉት በግራ ይሄዳል፣ ከሁለት ነጥቧ በኋላ የጻፉት በቀኝ ይቀራል። እኔ ብሆን ዝጋን ለብቻው ግራ ጥግ አስረው ነበር። አሳንስና አሳድግ ቀኝ ላይ ይቀመጡ። ከዚያ እጅዎ ቢስት እንኳን የሚነካው አሳድግን ነው፣ መስኮቱ ይሰፋል እንጂ ምንም አይጠፋም።»

የገልባጩ ፊት ሲበራ ከውጭ ሆኜ አየሁት። አንደኛ፣ ዝጋ ሩቅ ሊሄድለት ነው። ሁለተኛ፣ መለያዋ ሁለት ነጥብ ናት። ልጅቷ ስትመጣ ቁጭ ብሎ፣ አንድም ነገር ሳይዘጋ ሠርቶ ሊያሳያት ነው። ወረቀቱ ከመስታወቱ ይነሳል። ይኼን ሁሉ አልተናገረም፣ ግን ሰው ሲቸኩል ሐሳቡ ፊቱ ላይ ይነበባል።

ዶክተር ለመጻፍ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት እንደከፈተ ስልኩ ጮኸ። የሆነ ቦታ የሆነ ማሽን ሊሞትበት ነው። ትእዛዙን የካርቶን ቁራጭ ላይ ጫጫረለትና ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጠ። ከደረጃው ላይ ሆኖ «ሁለት ነጥቧን እንዳይረሱ፣ ዋናዋ እሷ ናት!» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ ሁለት ነጥብ የምረሳው?» አለ ገልባጩ። ተሰድቦ የማያውቅ ሰው የተሰደበ ይመስል።

የዶክተር ጽሑፍ እንደ ሐኪም ጽሑፍ ነው፣ ማንም አያነበውም። «ና እስቲ ያንን መነጽርህን ይዘህ» ብሎ ጠራኝ። የሰዓት ማያ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ፊደል በፊደል አነበብኩለት። እሱ በግራ እጁ ቀኝ አንጓውን ጨብጦ በአንድ ጣት ይጽፋል። ለዝጋ ክሎዝ ብለን ጻፍን። «ቀጥሎ?» አለኝ። «ሁለት ነጥብ» አልኩት። ጊዜ ወስዶ የኪቦርዱን ቋንቋ ወደ አማርኛ መለሰ፣ ሁለት ነጥቡን ቁጭ አደረጋት፣ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ሚኒማይዝ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ማክሲማይዝ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። «በል እንግዲህ» አለና ኢንተርን ተጫነ።

ሦስቱም ቁልፎች ከቀኝ ጥግ ጠፉ። በግራ ጥግ አንዲት ቁልፍ ብቅ አለች። አንዲት ብቻ። ቀስቷን አስጠጋባት።

አሳድግ።

«ሌሎቹስ?» አልኩት።

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ?»

ሌላ መስኮት ከፈተ፤ እዚያም አሳድግ ብቻ። ሌላ ከፈተ፤ አሳድግ። አሳንስ የለ፣ ዝጋ የለ። ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ራሱ አልዘጋ ብሎ መሃል ላይ ተገትሯል፤ በምኑ ይዘጋ! ዶክተር ጋ ደወልን፣ ስልኩ ዝግ ነው። ጉድ ፈላ። በዚህ መሃል ደረጃው ላይ የልጅቷ ጫማ ተሰማ። ሰዓት ስለማዳምጥ የሰው እርምጃ አይጠፋኝም። «መጣች» አልኩት። ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ደረሰች።

እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ አይንኩ የተባለውን ማሽን አየችው። ቦርሳዋን ሳታወርድ በትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ ማውዙን ያዘች። ቀስቷን ቀኝ ጥግ ወሰደች፣ ባዶ ነው። ግራ ጥግ ወሰደች። አሳድግ የሚለው ቃል ብቅ አለ። ሌላ መስኮት አየች። አሳድግ።

«እኔ እኮ…» አለ ገልባጩ። «ዶክተር ነው… ሁለት ነጥቧን…»

ልጅቷ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቀረች። እኔ መብረቁን እየጠበቅሁ ነው። ፊቷ ተለዋወጠ። ሊነሳ ሲል በትከሻው ላይ እጇን አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለችው። «ገብቶኛል።»

«ምኑ?»

«ገብቶኛል አልኩ እኮ።»

ወጣችና ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ መላጥ ጀመረች። «ሙጫዎ ደግሞ ምን ዓይነት ነው!» እያለች በኔ ምላጭ ፍቃ ፍቃ አነሳችው። ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል። የሙጫው ሽታ ነው አለችኝ። የኔ ሙጫ ሽታ የለውም።

ወሬው ሕንጻውን ለማዳረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ያሳደጋት ልጅ ብታሳንሰው፣ በሩን ልትዘጋበት ብትል፣ እሱ ከማሽኑ ላይ አሳንስንና ዝጋን ነቅሎ አሳድግን ብቻ ተወላት ተባለ። «እንዴት ያለ ነገር አዋቂ ሰው ነው!» አሉ። ፎቶ ኮፒ የምታነሳዋ ሴትዮ መጥታ ቁልፏን በዓይኗ አይታ፣ ደረቷን መትታ ሄደች። ገልባጩ ሰው ሲያደንቀው አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ዝምታውንም እንደ ብልህነት ቆጠሩለት።

ጭንቀቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ሻይ ስንጠጣ ጠጋ ብሎ «ሆነ ብዬ አይደለም እኮ» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ አብሬህ አልነበርኩም እንዴ?»

«ተሳስቼ ነው። ያው እጄ ነው። ተሳስቶ መሆኑን ካወቀች ያ ወረቀት ተመልሶ ይለጠፋል። አፍህን እንዳትከፍት!»

«እኔ ምን አገባኝ!» አልኩት። ያን ጊዜስ ከልቤ ነው።

እንዲህ ሆኖ ከረመ። ሥራው ግን ሰመረ፤ ይህን ማንም አላሰበውም። ዝጋ ከሌለ የሚዘጋ ነገር የለም። የእጁ መንቀጥቀጥ ቢበዛ መስኮቱን ያሰፋበታል፣ እሱም «እሺ ጌታዬ፣ አሳድገን» ብሎ ይቀጥላል። ማታ ማታ ልጅቷ ትመጣና የተደራረቡትን መስኮቶች የኪቦርዱን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ እየተጫነች አንድ በአንድ ትዘጋቸዋለች። የመንዳት ትምህርት ቤቱ ኃላፊም ለሁለተኛ ቅርንጫፉ ማኅተም አዞ፣ ንድፉን ገልባጩ አጠገብ ቁጭ ብሎ አሠርቶ ሄደ። ገልባጩ ግን የደረጃ ድምፅ በሰማ ቁጥር ዶክተር የመጣ እየመሰለው ቀልቡ ይገፈፋል።

ዶክተርም መጣ። ማራገቢያው እንደገና ጮኾ ነበር። ልጅቷ ጠረጴዛው ጋ ከተቀረጸው ጎማ ላይ ትርፉን ትቆርጣለች፤ ገልባጩ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ዶክተር በትከሻው አሻግሮ ስክሪኑን ሲያይ «ምንድን ነው ይሄ? ሌሎቹ ቁልፎች የት ሄዱ?» አለ። ማውዙን ቀማው፣ የትእዛዙን መስኮት ከፈተ፣ ያለፈውን ትእዛዝ አወጣ። አየው። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ማነው ይቺን የአማርኛ ሁለት ነጥብ የጻፈው? ማሽኑ እኮ የሚያውቀው የእንግሊዝኛዋን ብቻ ነው! ይቺን ሲያይ ዝጋና አሳንስ ተጣብቀው አንድ የማያውቀው ቃል ሆኑበት፣ ዘለላቸው። የገባው የመጨረሻዋ አሳድግ ብቻ ናት። ወይ ጉድ! ዝም ብሎ ስህተት ነው እኮ!»

ገልባጩ አመድ መሰለ። ቀኝ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ገባ። እኔ መነጽሬን ዓይኔ ላይ እንደሰካሁ ዞሬ፣ በዚያ መነጽር ከሩቅ ምንም እንደማይታይ ረስቼ፣ እነሱን አያለሁ።

«ላስተካክለው፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት» አለ ዶክተር።

«ተወው» አለች ልጅቷ። ከጎማው ላይ ቀና አላለችም።

«ስህተት ነው እያልኩሽ!»

«አውቃለሁ። ያን ቀን ጥቁሩ መስኮት አልተዘጋም ነበር፣ ሁለት ነጥቧን ያኔውኑ አይቻታለሁ። ከእሳቸው ሌላ ማን ይጽፋታል?»

ማራገቢያው ብቻ ይጮኻል። ገልባጩ ወንበሩን ዞር አደረገ።

«ታዲያ ያኔ ገብቶኛል ያልሽኝ ምኑ ነው?»

ልጅቷ መቁረጫውን አስቀመጠች። ቀና ስትል ከጠረጴዛው በላይ ባለችው ስንጥቅ መስታወት ውስጥ ተያዩ።

«እጅዎ ሲሳሳት እንኳን ያስቀረው አሳድግን ነው፣ ጋሼ» አለችው።

ዶክተር ቦርሳውን ዘጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቆይታችሁ ነው ያመጣችሁት አላለም። ገልባጩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ እጁን ከኪሱ አወጣና ማውዙ ላይ አስቀመጠው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁላችንም አየነው፣ እሱም እንዳየነው አየ፣ ወደ ሥራችንም ተመለስን።